ድርጅትን ለማጥናት በየትኛው በር መግባት ይሻላል? የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚጀምሩ የቀረበ ንጽጽር

በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መስኮት ፊት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የቆሙት አዛውንት የመታወቂያ እድሳት ፈልገው የመጡ ናቸው፤ ተራቸው ሲደርስ ከክላሰራቸው ውስጥ ወረቀቶቻቸውን አንድ በአንድ እያወጡ በመስኮቱ አቀበሉ። ባለሙያዋ ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችና «አባባ፣ ይሄኛው ማኅተም የለውም፤ አስመትተው ይምጡ» አለቻቸው። እርሳቸውም ማኅተም የሚመታው ክፍል ከእርሷ ሦስት በር አልፎ እዚያው ፎቅ ላይ እንዳለ፣ ትናንት ሄደው «መጀመሪያ መስኮቱ ይቀበልዎት» ተብለው እንደተመለሱ አስረዷት። በልጅቷ ፊት ላይ ቁጣ አላየሁም፤ ያየሁት ድካም ነው። «ያለ ማኅተም ከተቀበልኩ በእኔ ላይ ነው የሚመጣው» አለችና ቀጣዩን ተገልጋይ ጠራች። አዛውንቱ ወረቀቶቻቸውን በመጡበት ቅደም ተከተል መልሰው ክላሰራቸው ውስጥ ሲከቱ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

ይህን ያየ ሰው ሁሉ «ለምን እንዲህ ይሆናል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ግን እንደ መላሹ ትምህርት ይለያያል። የሥነ ልቦና ባለሙያ የልጅቷን ድካምና ፍርሃት ይመረምራል። ሶሲዮሎጂስት ደንቡ ከየት እንደመጣና ሦስት በር የሚራራቁ ሁለት ክፍሎች እንዴት ባዕድ ሊሆኑ እንደቻሉ ይጠይቃል። የኢኮኖሚክስ ሰው ልጅቷ ማኅተሙን ብትዘለው ምን ታገኛለች፣ ምንስ ታጣለች ብሎ ያሰላል። አንትሮፖሎጂስት ወንበር ስቦ ከመስኮቱ ኋላ ይቀመጥና ለሳምንታት ያያል፤ የሕዝብ አስተዳደር ምሁር ደግሞ ከላይ የወጣው ፖሊሲ መስኮቱ ላይ ሲደርስ ምን ሆኖ እንደሚገኝ ይከታተላል። የድርጅት ጥናት የሚባለው መስክ እነዚህን ሁሉ ያቀፈ ነው፤ ስለዚህም ወደዚህ መስክ መግባት የሚፈልግ ተማሪ ገና ከመነሻው በር ለመምረጥ ይገደዳል።

ይህን ንጽጽር የጻፍኩት የሁለተኛ ዲግሪ የትምህርት ዘርፍ ለሚመርጡና በተለይም የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለሚፈልጉ ነው። ምርጫው በትምህርት ክፍሉ ስም ወይም «የትኛው ቶሎ ያልቃል» በሚል ሒሳብ ሲወሰን በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ መወሰን የነበረበት ግን ተማሪውን እንቅልፍ በነሣው ጥያቄና ያንን ጥያቄ ሊመልስ በሚችለው የማስረጃ ዓይነት ነበር። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መስኩ ከብዙ ምንጭ የተቀዳ ስለመሆኑ

የድርጅት ጥናት ከአንድ ግንድ የበቀለ ትምህርት አይደለም። ጀርመናዊው ማክስ ዌበር ስለ ቢሮክራሲ የጻፈው፣ እርሱ በ1920 ካረፈ በኋላ በ1922 የታተመው ትንታኔ፣ የሥልጣንን ምንነትና የዘመናዊውን መንግሥት ጠባይ ለማስረዳት የተነሣ ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር በ1911 የሠራተኛን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሰዓት እየለካ «የተሻለው አሠራር አንድ ነው» ሲል፣ ጥያቄው ከፋብሪካ ወለል የመጣ ነው። ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ሄንሪ ፋዮል ደግሞ በ1916 ከሥራ አስኪያጅ ወንበር ላይ ሆኖ ስለ ማቀድ፣ ስለ ማደራጀትና ስለ መቆጣጠር ጻፈ። ሦስቱም ስለ ድርጅት ተናገሩ፤ የተነሡበት ጥያቄ ግን ለየቅል ነበር።

የመስኩን ጠባይ በአንድ ሰው ሕይወት ማየት የሚሻ ኸርበርት ሳይመንን ይመልከት። ሳይመን የተማረው የፖለቲካ ሳይንስ ነው። በ1947 ባሳተመው ሥራው፣ በድርጅት ውስጥ ያለ ሰው መረጃውም ጊዜውም የማሰላሰል አቅሙም ውሱን ስለሆነ ከሁሉ የላቀውን አማራጭ ፈልጎ አያገኝም፤ «ይበቃኛል» የሚለውን ሲያገኝ ፍለጋውን ያቆማል ብሎ አስተማረ። በ1975 በኮምፒዩተር ሳይንስ ትልቁን ሽልማት፣ ማለትም የቱሪንግን፣ ተቀበለ፤ በ1978 ደግሞ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ተሸላሚ ሆነ፤ ከሥራው ብዙው ደግሞ ከሥነ ልቦና የሚመደብ ነው። ጥያቄው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነበር፤ ሰዎች እንዴት ይወስናሉ? በ1956 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአስተዳደር ሳይንስ የሩብ ዓመት መጽሔት ሲመሠረትም ዓላማው እነዚህን የተበታተኑ ሰዎች በአንድ መድረክ ላይ ማነጋገር ነበር።

በሀገራችንም መስኩ በማኔጅመንት፣ በሕዝብ አስተዳደር፣ በሶሲዮሎጂ፣ በሥነ ልቦናና በማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ትምህርት ክፍሎች መካከል ተበትኖ ይገኛል። ስለዚህ ተማሪው አንዱን በር ሲመርጥ የሌሎቹን መኖር እንኳ ሳያውቅ ሊመረቅ ይችላል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

የሥነ ልቦና በር

ጥያቄዎ ስለ ሰው ከሆነ፣ ማለትም ለምን ይተጋል፣ ለምን ይታክታል፣ ለምን ሥራውን ይለቃል፣ ለምን በስብሰባ ላይ ያመነበትን ሳይናገር ይቀራል የሚል ከሆነ፣ በርዎ ይህ ነው። የዘርፉ ስመ ጥር መነሻ ከ1924 እስከ 1932 በቺካጎ አጠገብ በነበረው የሆውቶርን ፋብሪካ የተካሄደው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ መብራት ሲጨምር ምርት ይጨምር እንደሆነ ለማወቅ ጀምረው ነበር፤ ውጤቱ ግን ከብርሃኑ መጠን ጋር አልሄድ አላቸው። በኋላ ኤልተን ሜዮና ባልደረቦቹ የሠራተኞቹ ስሜት፣ የእርስ በርስ ግንኙነታቸውና የሚሰጣቸው ትኩረት ከመብራቱ የበለጠ ክብደት አለው ወደሚል ትርጓሜ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ መረጃውን እንደገና የመረመሩ ሰዎች በዚህ ትርጓሜ ላይ ከባድ ጥርጣሬ አንሥተዋል። ጥናቱ ዛሬም በየመማሪያ መጽሐፉ ይተረካልና ተማሪ ትረካውንም ጥርጣሬውንም አብሮ ሊያውቅ ይገባዋል።

የዚህ በር ጥንካሬ መለካት መቻሉ ነው። የሥራ እርካታን፣ ተነሣሽነትን፣ ለድርጅት ያለ ታማኝነትን የሚለኩ፣ ብዙ ጊዜ የተፈተኑ መጠይቆች አሉት። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም አልስማማም» በአምስት ደረጃ የተዘጋጀ መጠይቅ ተበትኖ፣ ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ተሰልቶ፣ «የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፤ የእገሌ ባንክ ጉዳይ» ተብሎ የሚቀርብ የመመረቂያ ጽሑፍ በየቤተ መጻሕፍቱ ተደርድሯል። አንዳንዱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ብዙው ግን አለቃው በኮሪደር ሲያልፍ ሠራተኛው በጠረጴዛው ላይ የሞላውን ቅጽ ለእውነተኛ ስሜት ይወስዳል። መጠይቁ ከእንግሊዝኛ ሲተረጎም «ቁርጠኝነት» እና «ታማኝነት» ተምታተው አንዱ በሌላው ቦታ ሲገቡም አይቻለሁ። በዚህ በር የሚገባ ሰው ለአማርኛው ቅጂ የሚያጠፋው ጊዜ ለስሌቱ ከሚያጠፋው ሊያንስ አይገባም።

የሶሲዮሎጂ በር

ይህ በር ሰፊ ነው፤ አድልዎዬንም አልሸሽግም፤ በዚህ በኩል የገባ ሰው ብዙ ያያል ብዬ አምናለሁ።

የሶሲዮሎጂ መነሻ ሐሳብ ግለሰቡን ብትቀይሩት እንኳ ድርጅቱ ያንኑ ሊያደርግ ይችላል የሚል ነው። በመስኮቱ ላይ ሌላ ልጅ ብትቀመጥ አዛውንቱ ያው ይመለሱ ነበር። ሮበርት መርተን በ1940 እንዳስረዳው፣ ደንብ ለአንድ ዓላማ ማስፈጸሚያነት ይወጣል፤ ሠራተኛው ግን የሚመሰገነውም የሚቀጣውም በደንቡ ስለሆነ ቀስ በቀስ ደንቡ ራሱ ዓላማ ይሆናል። «በእኔ ላይ ነው የሚመጣው» የሚለው የልጅቷ ቃል መርተን ያለውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያሳያል።

ይሁን እንጂ ደንብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አልቪን ጉልድነር በ1954 ባሳተመው፣ በአንድ የጂፕሰም ማዕድንና ፋብሪካ ላይ ባካሄደው ጥናት፣ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚለው ማስታወቂያ በየቦታው ተሰቅሎ ሳለ ሠራተኛውም አለቃውም እንደሚያጨሱ፣ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሲል ብቻ ሁሉም ሲጋራውን እንደሚያጠፋ አስተዋለ። ይህ ደንብ ከውጭ ለሚመጣ ዓይን የተሰቀለ እንጂ ማንም የእኔ የሚለው አልነበረም። ከእርሱ ጎን ሁለቱም ወገን የሚያከብሩት የደኅንነት ደንብ ነበር፤ አንዱ ወገን በሌላው ላይ የሚጭነው የቅጣት ደንብም እንዲሁ። ይህ የሦስት ወገን ክፍፍል ዛሬም በየትኛውም መሥሪያ ቤት ገብቶ ሊፈተን ይችላል፤ የማስታወቂያ ሰሌዳውን አንብቦ «ይህን ማን ያከብረዋል? ማንስ ሲመጣ ይከበራል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል።

ለእኛ ሀገር ተማሪ ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ፖል ዲማጂዮና ዋልተር ፓውል በ1983 ያነሡት ጥያቄ ይመስለኛል። ድርጅቶች ለምን ይህን ያህል ይመሳሰላሉ? መልሳቸው ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው ግዴታ ነው፤ መንግሥት ወይም ገንዘብ ሰጪ ያዝዛል። ሁለተኛው መኮረጅ ነው፤ የሚያደርገውን በእርግጠኝነት የማያውቅ ድርጅት የተሳካለት የሚመስለውን ይከተላል። ሦስተኛው ሙያ ነው፤ በአንድ ትምህርት ቤት የሰለጠኑ፣ በአንድ ዓይነት አማካሪ የተመከሩ ሰዎች በየሄዱበት ያንኑ መዋቅር ይዘረጋሉ። ከእነርሱ 6 ዓመት ቀደም ብለው ጆን ሜየርና ብራያን ሮዋን አንድ ከባድ ነገር ጨምረው ነበር፤ ድርጅት አዲስ መዋቅርን የሚቀበለው ቅቡልነትን ለማግኘት ሊሆን ይችላል፣ የዕለት ሥራው ግን ከመዋቅሩ ተለይቶ በነበረበት ሊቀጥል ይችላል አሉ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ማይክል ሃመር በ1990 ለአሜሪካ ኩባንያዎች ያቀረበው የአሠራር ሂደት ለውጥ ሐሳብ፣ ቢፒአር ተብሎ፣ በሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን ተስፋፋ። ካፕላንና ኖርተን በ1992 ያቀረቡት ሚዛናዊ የውጤት መለኪያም ቢኤስሲ ተብሎ ተከተለ። ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ የሆነው ካይዘን ከጃፓን መንግሥት ትብብር ጋር መጣ፤ በ30 ኩባንያዎች ላይ ተሞክሮ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በነዚያ ዓመታት የሠራ ሰው የለውጥ ሠራዊቱን፣ አንድ ለአምስቱን፣ በግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ራእይና ተልእኮ ያስታውሳል። በአንዳንዱ ቦታ ወረፋው በእርግጥ አጠረ፣ መጋዘኑም ሥርዓት ያዘ፤ በሌላው ቦታ የተቀየረው የቅጹ ርዕስ ብቻ ነበር። የትኛው በየትኛው ቦታ ሆነ? ለምንስ? ይህን ለመመለስ የእርካታ መጠይቅ አይበቃም፤ የድሮውን የሥራ ዝርዝር ከአዲሱ፣ ሪፖርቱን ከመዝገብ ቤቱ ፋይል ጋር ማስተያየት ይጠይቃል። መዝገብ ቤት አቧራ አለው፤ ብዙ ተማሪ የማይገባበት ስለሆነ ግን ለገባበት ሰው ሀብት ነው።

የዚህ በር ችግር መዋቅርን አጥብቆ ሲያይ ሰውን መርሳቱ ነው። በአንድ ዓይነት ደንብ ሥር ሆና አዛውንቱን ይዛ ሦስት በር አልፋ ማኅተሙን የምታስመታ ልጅም አለች። እርሷን ሶሲዮሎጂ ብቻውን በደንብ አያስረዳትም።

የኢኮኖሚክስ በር

ሮናልድ ኮዝ በ1937 የጠየቀው ጥያቄ የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ ገበያ ሁሉን የሚያስተካክል ከሆነ ኩባንያ ለምን አስፈለገ? ገበያን መጠቀም ራሱ ወጪ ስላለው ነው ብሎ መለሰ፤ ዋጋ መጠየቅ፣ መደራደር፣ ውል መጻፍ፣ ውሉ መፈጸሙን መከታተል ሁሉ ያስወጣል። ይህ ወጪ ሲበዛ ሥራው ወደ ድርጅት ውስጥ ይገባል፣ ሲያንስ ወደ ውጭ ይወጣል። በ1991 የኖቤል ሽልማት ያገኘበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃና ጽዳትን በራሱ ሠራተኛ ከማሠራት ይልቅ ለኤጀንሲ ቢሰጥ ይሻለው እንደሆነ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

በዚህ በር መግባት ያለበት የክፍያ፣ የቦነስ፣ የቁጥጥር፣ የውል ጉዳይ የሚያስጨንቀው ሰው ነው። ለቁጥር መረጃ ቅርበት ሊኖረውም ይገባል፤ የክፍያ መዝገብ የማይሰጥ ድርጅት ይዞ በዚህ በር መግባት ጊዜ ማባከን ነው።

በዚህ ዘርፍ ውስጥ ለኛ ቅርብ የሆነችው ኤሊኖር ኦስትሮም ናት። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ሆና በ2009 ከኦሊቨር ዊሊያምሰን ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ተካፍላለች። ሰዎች ግጦሽን፣ የመስኖ ውኃን፣ የዓሣ ሀብትን ያለ መንግሥት ትእዛዝና ያለ ግል ባለቤት ለዘመናት እንዴት ጠብቀው እንደሚኖሩ ስታጠና፣ ከሚጸኑት ማኅበራት ውስጥ ብዙዎቹ ቅጣታቸው ቀለል ካለው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚከብድ መሆኑን አገኘች። የእድር መተዳደሪያ ደንብ ያነበበ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ለመዘግየት፣ ለመቅረት፣ መዋጮ ላለመክፈል የሚጣለው ቅጣት ለየብቻ ነው፤ ከስም ዝርዝር መሰረዝ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ በአባላት ይመረጣሉ፤ ድንኳኑና ወንበሩ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይመለሳል። ስለ ድርጅት ለማጥናት የግድ ፎቅ ያለው መሥሪያ ቤት መፈለግ የለብንም።

የአንትሮፖሎጂ በር

ዶናልድ ሮይ በአንድ አነስተኛ የማሽን ክፍል ውስጥ ራሱ ሠራተኛ ሆኖ ሠርቶ በ1959 ያሳተመው ጽሑፍ በሙዝ ይታወቃል። ሥራው ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት፣ አሰልቺ ነው። በየዕለቱ በተወሰነ ሰዓት አንዱ ሠራተኛ የሌላውን ሙዝ ከምሳ ሳጥኑ መንትፎ «የሙዝ ሰዓት!» ብሎ ይጮኻል፤ ባለ ሙዙ ይቆጣል፣ ይሳደባል፤ በማግሥቱም ሙዝ ይዞ ይመጣል። ሮይ መጀመሪያ ትርጉም የለሽ የመሰለው ይህ ጨዋታ ሰዎቹን በዚያ ክፍል ውስጥ ጤናማ አድርጎ ያቆያቸው ነገር እንደነበር የገባው ቆይቶ ነው። ጁሊያን ኦር ደግሞ በ1996 ባሳተመው ጥናት የዜሮክስ ማሽን ጠጋኞች ሥራቸውን ከመመሪያው ይልቅ በየምግብ ሰዓቱ ከሚለዋወጡት ወሬ እንደሚማሩ አሳይቷል፤ ስለ ግትር ማሽኖች የሚያወሩት ታሪክ የጋራ እውቀታቸው ማኅደር ነበር። በእኛም መሥሪያ ቤት ከቡና ሰዓት የሚቀር አዲስ ሠራተኛ ምን እንደሚያመልጠው ሁላችንም እናውቃለን።

በዚህ በር የሚገባ ሰው ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ወራት ያስፈልጉታል። ከመጠይቅ ይልቅ ማስታወሻ ደብተር ይይዛል፤ ያየውን በዚያው ማታ ካልጻፈው ይጠፋበታል። ሥራ እየሠሩ በማታ ለሚማሩ ይህ ከባድ ነው። ይሁን እንጂ የሚሠሩበት ቦታ ራሱ መስክ ሊሆን ስለሚችል፣ ከባልደረቦቻቸው ፈቃድ ካገኙና ስማቸውን ከጠበቁ፣ ከማንም ውጫዊ አጥኚ የተሻለ ቅርበት አላቸው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ፤ ባልደረባ በቡና ላይ ያወራው ሁሉ ለጥናት የተሰጠ አይደለም።

የሕዝብ አስተዳደርና የማኔጅመንት በሮች

ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም «ምን ይደረግ?» ብለው ይጠይቃሉና። የሕዝብ አስተዳደር ለአዛውንቱና ለልጅቷ ቅርብ ነው። ማይክል ሊፕስኪ በ1980 እንደተከራከረው፣ ፖሊሲ በተግባር የሚሠራው ከዜጋው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው መምህር፣ ፖሊስ፣ የመስኮት ባለሙያ በሚያደርገው ውሳኔ ነው። ተገልጋዩ ብዙ፣ ጊዜው ጥቂት፣ መመሪያው እርስ በርሱ የሚጋጭ ሲሆን ሠራተኛው ቀኑን የሚያልፍበት የራሱን ዘዴ ያበጃል፤ ያ ዘዴ ለዜጋው መንግሥት ማለት ይሆናል። መሶብ በሚል ስም የተጀመረው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሦስቱን በር ወደ አንድ ሲያመጣ የመስኮቱ ባለሙያ የራስዋ ዘዴ ምን ሆነ የሚለው ጥያቄ ለዚህ ዘርፍ ተማሪ ትኩስ ጉዳይ ነው።

የማኔጅመንት ትምህርት ለሥራ ገበያ ይቀርባል፣ ማታም ይሰጣል፣ ቋንቋውም በባንክና በኢንሹራንስ የሚሠራበት ነው። መሪ ለመሆን የሚፈልግ ይማረው። ችግሩ ጥያቄውን ብዙ ጊዜ ከአለቃው ወገን ሆኖ መጠየቁ ነው፤ «ሠራተኛው ለውጡን ለምን ተቃወመ?» ይላል እንጂ «ለውጡ ትክክል ነበርን?» ለማለት ይዘገያል።

አንድ አደጋ፣ ሦስት ንባብ

በሮቹ የሚለያዩበትን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ። ጥር 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በተነሣች በ73 ሰከንድ ውስጥ ተበታትና 7 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ በሮኬቱ መጋጠሚያ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት በብርድ ደርቆ ጋዝ ማሳለፉ ነበር። በዋዜማው ማታ ሮኬቱን የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች በስልክ በተደረገ ስብሰባ ላይ ብርዱን ጠቅሰው እንዳትነሣ መክረው ነበር፤ አለቆቻቸው ለብቻቸው ተማክረው ምክሩን ሻሩት።

ከሥነ ልቦና በር የገቡ ሰዎች በዚህ ውስጥ ኢርቪንግ ጃኒስ በ1972 የገለጸውን አዩ፤ አንድነቱን የሚወድ ቡድን የተቃውሞን ድምፅ ያፍናል። ጥቅምን የሚያሰላ ሰው ዓይኑን የጣለው በውሉ ላይ ነው፤ የፕሬዚዳንቱ አጣሪ ኮሚሽንም የኩባንያው አመራር ከመሐንዲሶቹ አስተያየት ውጪ የሄደው ትልቁን ደንበኛውን ለማስደሰት ሲል ነው ብሎ ጽፏል። ሶሲዮሎጂስቷ ዳያን ቮን ግን የዓመታት ሰነዶችን አንብባ በ1996 የተለየ ነገር አመጣች። በዚያ ማታ ደንብ አልተጣሰም ነበር አለች። ቀለበቱ በቀደሙት በረራዎች ሲጎዳ በታየ ቁጥር መሐንዲሶቹም አለቆቹም በደንቡ መሠረት መርምረው «ይህን ያህል ይቻላል» እያሉ ተቀብለው ነበር፤ የተቻለው መጠን ከዓመት ዓመት እየሰፋ ሄደ፣ እንግዳ የነበረውም የተለመደ ሆነ።

ሦስቱም ንባቦች ወደ ተለያየ መፍትሔ ይወስዳሉ። የመጀመሪያው ስብሰባ የሚመራበትን መንገድ ያሻሽላል፣ ሁለተኛው ውሉን ያስተካክላል፣ ሦስተኛው ግን «ተለምዷል» የሚባለውን ነገር ሁሉ ከሥሩ እንድንመረምር ያስገድዳል። እኔን ያሳመነችኝ ቮን ናት፤ ምክንያቴም ክፉ ሰው ሳትፈልግ ጥፋቱን ማስረዳት መቻሏ ነው። ይሁንና የእርሷን ንባብ ለመድገም በሺህ የሚቆጠር ገጽ ሰነድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ይህ የማይቻል ሊሆን ይችላል፣ በዚያ ጊዜ ትንሽ ጥያቄ መያዝ ያስፈልጋል።

ሲመርጡ

መጀመሪያ የሚያገኙትን ማስረጃ ይመርምሩ። ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይዘው ሲሄዱ ድርጅቱ የሚፈቅድልዎት ምንድን ነው? ሠራተኛን ማነጋገር ብቻ ከሆነ የሥነ ልቦና ወይም የሕዝብ አስተዳደር ጥያቄ ይቅረጹ። ፋይል ከሆነ ወደ ሶሲዮሎጂ፣ የሒሳብ መዝገብ ከሆነ ወደ ኢኮኖሚክስ ያዘንብሉ። ውስጥ ገብተው መቀመጥ ከተፈቀደልዎት ዕድሉን በመጠይቅ አያባክኑት።

ቀጥሎ አማካሪ ነው። በንድፈ ሐሳቡ የማያምን አማካሪ ይዞ የመስክ ምልከታ መሥራት ሁለት ዓመት ያስጨንቃል፤ «ናሙናህ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ በየገጹ ይመጣል። ስለዚህ ፕሮፖዛል ከመጻፍዎ በፊት አማካሪዎ ያማከሯቸውን ሦስት የመመረቂያ ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ገብተው ያንብቡ።

በአንድ በር ገብተው ከሌላው መዋስ ይችላሉ፣ መስኩም የቆመው በዚህ መዋዋስ ነው። ነገር ግን ከአምስቱም ንድፈ ሐሳብ ትንሽ ትንሽ ቆንጥሮ በሁለተኛው ምዕራፍ መደርደር መዋስ አይባልም። አንድ ዋና፣ አንድ ደጋፊ ይበቃል። የመስኮቱን ጉዳይ እኔ ባጠናው ዋናዬን ከጉልድነር፣ ደጋፊዬን ከሊፕስኪ እወስድ ነበር፤ ያ ማኅተም ማን የሚያከብረው ደንብ እንደሆነ፣ ልጅቷም ለማን ብላ እንደምትዘለውና ለማን ብላ እንደማትዘለው እጠይቅ ነበር።

ርዕስ ከመጻፍዎ በፊት ግን አንድ ጠዋት ሊያጠኑት ያሰቡበት ቦታ ሄደው ይቀመጡ። ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ያለ መጠይቅ፣ ደብተር ብቻ ይዘው። ማን ምን ይዞ እንደመጣ፣ ምን ተብሎ እንደተመለሰ፣ የተናገረው ሰው በምን ቃል እንደተናገረ ቃል በቃል ይጻፉ። ማታ ሲያነቡት ከነዚያ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ አንዱ አላስተኛ ይልዎታል፤ ፕሮፖዛልዎን ከእርሱ ይጀምሩ።